ወገብ የሚቀንስ መስታወት

ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ስወጣ ለሀገሬ ያበረከትኩት የመጀመሪያ ነገር የወገቤ ልክ ነው። ሰማንያ ስድስት ሴንቲሜትር። ቁጥሩን እናቴ እንኳ አታውቀውም ነበር። ቃሊቲ ያለችው ሼዳችን ውስጥ የነበረው ኮምፒውተር ግን ያውቀዋል፤ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ያውቀዋል፤ በየስብሰባው ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ ያየው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሥራ ያጣ ተመራቂ ሁሉ «ተደራጁ» የሚባልበት ጊዜ ነበር። እኔና አንድ የክፍሌ ልጅ ተደራጀን። አምስት ሰው ካልሆናችሁ ማኅበር አትሆኑም ስለተባልን እህቴንና የሱን ሁለት የአጎት ልጆች በስም አስገባናቸው። ሦስቱም የቴክኖሎጂ ባለሙያ መሆናቸውን እስከ ዛሬ የሚያውቁ አይመስለኝም። እሱ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። እንዴት እንደሆነ አላስታውስም፤ አንድ ቀን ጠዋት ቢዝነስ ካርድ አሳትሞ መጣና በዚያው ሆነ። ካርዱ ሲታተም ገና ምን እንደምንሠራ አልወሰንንም ነበር።

ሀሳቡንም ያመጣው እሱ ነው። ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብሎ አንድ ቪዲዮ አየ። አንዲት ሴት የቁምሳጥን በር የሚያህል መስታወት ፊት ትቆማለች፤ ከላይ ያለው ካሜራ ያያታል፤ የለበሰችውን ሳታወልቅ መስታወቱ ውስጥ ቀሚስ ይቀያየርላታል። እጇን ስታወዛውዝ ቀይ፣ ደግማ ስታወዛውዝ ሰማያዊ። በማግስቱ እየሮጠ መጥቶ «አገኘሁት» አለኝ።

«ምኑን?»

«የሳሪስን የልብስ ሱቆች ችግር። መለኪያ ክፍል የላቸውም!»

እውነቱን ነው፤ አልነበራቸውም። ያኔ ሳሪስ ሄዶ ሱሪ መለካት ማለት ሱቁ ጥግ ላይ በሲባጎ የተሰቀለ መጋረጃ ውስጥ ገብቶ በአንድ እግር መዝለል ነበር። መጋረጃው ሁልጊዜ ባንድ በኩል ስለሚያጥር ሠራተኛዋ ጫፉን ይዛ ፊቷን ወደ አስፋልቱ አዙራ ትቆማለች። ይህ ችግር መሆኑን አልክድም። ያልገባኝ ነገር፣ ረዘም ያለ ጨርቅ ከመግዛት ይልቅ ኮምፒውተር የሚያስፈልግበት ምክንያት ነበር። ጠየቅኩት። «አንቺ ራዕይ የለሽም» አለኝ።

ካሜራውን ከዱባይ ዕቃ የምታመላልሰው አክስቱ አመጣችልን። የቪዲዮ ጌም መጫወቻ ነው፤ ሰው ሲዘልና ሲራገጥ ከርቀት ለይቶ የሚያውቅ፣ ፈረንጅ ሳሎኑ ውስጥ ኳስ ሳይኖር ኳስ የሚጠልዝበት ዕቃ። እኛ ደግሞ የሰው ትከሻ፣ ደረትና ወገብ እንዲለካ ልናስተምረው ተነሳን። ለመማሪያ የሚሆን ሰውነት ያስፈልግ ነበር። እሱ ራዕዩን ስለያዘ ሰውነቱ የኔ ሆነ።

መንግሥት ለማኅበራችን ከሰጠን ሼድ በስተግራ ብሎኬት አምራቾች፣ በስተቀኝ በርና መስኮት የሚበይዱ ልጆች ነበሩ። የብሎኬት ማሽኑ ሲነሳ ጠረጴዛችን ይንቀጠቀጣል፤ ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፤ ካሜራው ሲንቀጠቀጥ እኔ እወፍራለሁ። ጠዋት ሰማንያ ስድስት የነበርኩት ሴት ብሎኬቱ ሲጀመር መቶ አሥር እገባለሁ። «ቁሚ» ይለኛል ሥራ አስኪያጁ። «ዙሪ። እጅሽን ዘርጊ። አትተንፍሺ።» የምርምር ክፍላችን እኔ እጄን ዘርግቼ ሳልተነፍስ የቆምኩባት ሁለት ካሬ ሜትር ነበረች።

ሱቁን ያገኘሁት ግን እኔ ነኝ። ባለሱቋ ከወሎ መጥተው ሳሪስ ላይ ብዙ ዘመን የነገዱ፣ ሻርፓቸውን አገጫቸው ሥር ጠበቅ አድርገው የሚያስሩ ሴት ናቸው። ደንበኛ ገና ከታክሲ ሲወርድ አይተው የሱሪ ቁጥሩን ያወጡለታል። እንዲህ ላሉ ሰው የመለኪያ ማሽን ልሸጥ መሄዴ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ያዘጋጀሁትን ንግግር ሳልጨርስ አቋረጡኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ የሰው ልክ ማወቅ አልቸገረኝም። የቸገረኝ ቅባት ነው።»

ከመደርደሪያው ሥር አንድ ነጭ ሸሚዝ አወጡና አንገቱን አሳዩኝ። የፊት ቅባትና ሊፒስቲክ ተለቅልቆበታል።

«በጭንቅላቷ ስታጠልቀው ነው። አልሆነኝም ብላ ጥላው ሄደች። ይሄን አሁን ማን ይገዛኛል? ሳይነኩ የሚለኩበት ነገር ካለሽ ዛሬውኑ አምጪው።»

ለወራት ስንጽፈው በነበረው ጥናት ውስጥ ቅባት የሚል ቃል አንድም ቦታ አልነበረም።

ትልቅ የቴሌቪዥን ስክሪን ግድግዳው ላይ አቆምን፤ ዙሪያውን በእንጨት ከብበን መስታወት አስመሰልነው፤ ካሜራውን ከላዩ ሰቀልን፤ ወለሉ ላይ በቢጫ ፕላስተር መቆሚያ ምልክት አደረግን። ደንበኛዋ ምልክቱ ላይ ስትቆም ራሷን ታያለች፤ የመረጠችው ቀሚስ በላይዋ ይሳላል፤ ከታች ደግሞ ልኳና የሚሆናት ቁጥር ይወጣል። ለዚህ የልብሶቹም ልክ መታወቅ ነበረበት። ልብሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ከልብሱ ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም። ኤክስ ኤል የሚለው ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይጠባል፤ ሚዲየም የሚለው እኔንና እህቴን አንድ ላይ ይይዛል።

«ቁጥሩን የሚጽፈው ማነው እትዬ?» አልኳቸው።

«ያመጣው ሰው ነዋ። ደስ ያለውን።»

ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘመናዊው ቴክኖሎጂ ማለት እኔ ተንበርክኬ በሜትር ሱሪ ስለካ ነበር።

ሥራ በጀመርን በሦስተኛው ቀን መስታወቱ ልብስ አሳልፎ ያያል የሚል ወሬ ወጣ። ከየት እንደወጣ አላወቅንም። ሴት ጠፋ፤ ወንድ ሞላ። ኮረኮንቹ ላይ ቆመው ታክሲ የሚጠሩ ወያላዎች ሳይቀሩ በር ላይ ተደርድረው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ባለሱቋ በመጥረጊያ አባረሯቸውና ወደኔ ዞሩ።

«ፎቶው የት ነው የሚቀመጠው?»

«የትም አይቀመጥም እትዬ። ሴትየዋ ከምልክቱ ስትወርድ ይጠፋል።»

«እናትሽ ትሙት በይ።»

«እናቴ ትሙት።»

በዚያ ጉዳይ ሌላ የደህንነት ማረጋገጫ አልተጠየቅንም፤ እውነትም ይጠፋ ነበር። ባለሱቋ በዚያው ቀን ምልክቱ ላይ ራሳቸው ቆመው ለጎረቤት ሴቶች ሁሉ አሳዩና ወሬው ሞተ። ሥራው ግን ገና ነበር። ካሜራው ነጠላ የደረበችን ሴት ከነነጠላዋ ይለካታል። ጥቁር አባያ የለበሰችውን ደግሞ ጭራሽ አያያትም፤ ጥቁር ጨርቅ ካሜራው የሚረጨውን ብርሃን ይውጥበታል።

አንድ ቅዳሜ ከፋብሪካ ሺፍት የወጡ ሁለት ሴቶች መጡ። አንደኛዋ የእጮኛዋን ቤተሰቦች ልትተዋወቅ ነውና አረንጓዴ ቀሚስ መረጠች። ምልክቱ ላይ ወጥታ ቆመች። ቀሚሱ በላይዋ ተሳለ፤ ፈገግ አለች። ከዚያ ከሥር ቁጥሩ ወጣ። ሥራ አስኪያጃችን ቀይ ዘመናዊ ነው ስለሚል በቀይና በትልቁ ነበር የሚጻፈው፤ ወገብ 104።

«መቶ አራት!» አለች ጓደኛዋ ድምጿን ከፍ አድርጋ። በመገረም እንጂ በክፋት አልነበረም። ጫማ የሚያዩ ሁለት ሰዎች ዞሩ።

ልጅቷ ቀሚሱን ትታ ቁጥሩን አየችው። «እኔን ነው እንዲህ የሚለኝ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ ደግሞ ኮራ ብዬ «አዎ፣ ቢሳሳት ከአንድ ሴንቲሜትር አይበልጥም» አልኳት።

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ጓደኛዋ ተከተለቻት። ልጅቷ መንገዱን ስትሻገር ሹራቧን ወደ ታች ስትጎትት አየኋት። ማሽናችን በትክክል ስለሠራ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ባለሱቋ አረንጓዴውን ቀሚስ ወደ ቦታው እየሰቀሉ «መስታወት ሠራሁ አላልሽኝም ነበር?» አሉ።

«አዎ እትዬ።»

«መስታወት እንዲህ ይናገራል? ይችን ልጅ እኔ ነኝ የማለብሳት። መቶ አራት መሆኗን ከሷ በፊት አውቃለሁ። ወላሂ አንድ ቀን ከአፌ አልወጣም። ትልቁን አወርድላትና ‹ያኛው አቆራረጡ ተበላሽቷል፣ ላንቺ አይመጥንም፣ ይሄን ሞክሪ› እላታለሁ። ጥፋቱ የጨርቁ ነው። ሁሌም የጨርቁ ነው!»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ቀንሺላቸው።»

«ምኑን?»

«ወገቡን ነዋ!» አሉና አራት ጣታቸውን አሳዩኝ።

ሁለት ቀን ተከራከርኩ። ስለ ሳይንስ ተናገርኩ፤ ስለ ትክክለኝነት ተናገርኩ። ሥራ አስኪያጁ ለመስማማት ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ስም እንኳ አወጣለት። «የተጠቃሚ እርካታ ማስተካከያ» ብሎ ሪፖርታችን ውስጥ ጻፈው። በሦስተኛው ቀን ፕሮግራሙ ላይ አንዲት መስመር ጨመርኩ። መስታወቱ ከማንኛውም ሰው ወገብ ላይ አራት ሴንቲሜትር ይቀንሳል፤ ምስሉንም በጎን በኩል ትንሽ ያጠብበዋል።

ከዚያ በኋላ ሱቁ ሰዉን አልቻለውም። ሳይገዙ ለመቆም ብቻ የሚመጡ ነበሩ። አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ በምሳ ሰዓቷ በየቀኑ ትመጣለች፤ ትቆማለች፤ ትዞራለች፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትሄዳለች። የሚገዙት ደግሞ ማሽኑ የነገራቸውን ቁጥር ይገዛሉ። ባለሱቋ ሰፋ ያለውን ሊሰጧቸው ሲሞክሩ «በዓይኔ አይቼ!» ይላሉ። ቤታቸው ሄደው ሲለብሱት አይገባም። ይዘው ሲመለሱ በሩ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። ባለሱቋ ግን በባዶ እጅ አይሸኟቸውም፤ «አቃቂ በሰቃ አንድ ልብስ ሰፊ አሉ፣ እሳቸው ያላሉልሻል፤ ጨርቁ ነው ያስቸገረው» ብለው ይልኳቸዋል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የራሴ ነገር ነው። እህቴ፣ ያቺ በስም የማኅበራችን አባል የሆነችው፣ ልታገባ ነበር። አንድ ቀን ሱቁ ጭር ሲል ምልክቱ ላይ ቆምኩ። ሰማንያ ሁለት አለኝ። አራቷን የጻፍኳት በዚህ ጣቴ ነው። የማን ወገብ ሰማንያ ስድስት እንደሆነም ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ያን ሰሞን ታክሲ እየጠፋ በእግሬ ብዙ እሄድ ነበር፤ ምናልባት እውነትም ቀንሼ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት ታምራለች። የወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ቀሚስ በሰማንያ ሁለት ገዛሁ።

ሠርጉ ላይ ለፎቶ ስንቆም ምንም አልሆነም፤ ትንፋሼን ይዣለሁ፤ ልምዱ አለኝ። ምግብ ቀርቦ ስቀመጥ ጎኔ ላይ ጠረረር አለ። ቀሪውን ሰዓት የእናቴን ነጠላ ወገቤ ላይ ጠምጥሜ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አጎቴ መጥቶ «ምነው፣ እህትሽ ቀድማሽ ስላገባች ከፋሽ እንዴ?» አለኝ ሰው ሁሉ እየሰማ። እውነቱን ከምነግረው ከፍቶኛል ማለት ቀለለኝና አንገቴን ነቀነቅኩ። ወሬው እስካሁን ዘመድ ቤት ይዞራል።

ሰኞ ዕለት ቀሚሱን ይዤ አቃቂ በሰቃ ወረድኩ። ልብስ ሰፊው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ቀሚሱን ከፌስታሉ አውጥቼ ሳልዘረጋው ጎኑን አዩና «የሳሪሱ መስታወት ነው?» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ ጋሼ?»

«ሰው ሲወፍር በዝግታ ነው፤ ጨርቁም አብሮ ይለጠጣል። አዲስ ልብስ ከጎኑ ፈንድቶ የሚመጣው ከዚያ ብቻ ነው። የሠራውን ሰው ባየሁት እያልኩ ነው የምኖረው።»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁና አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ተነስተው የራሳቸውን ወንበር ሰጡኝ። «ተቀመጪ ልጄ። ሁለተኛ ማሽን የገዛሁት ባንቺ ነው።» ከዚያ እየሳቁ አጫወቱኝ። የሚመጡት ሴቶች ሁሉ ገና ከመግባታቸው ማሽኑ የሰጣቸውን ቁጥር ይነግሯቸዋል። «ዘጠና ነኝ ትለኛለች። ዘጠና ብዬ እያየችኝ እጽፋለሁ። ስትሄድ ሜትሩ ያለውን እሰፋለሁ።»

«ሜትሩን ሲያዞሩባቸው ቁጥሩን አያዩትም?»

«ከጀርባ ነዋ የማነበው!»

እኔንም ከጀርባ ለኩኝ። «አንቺስ ስንት ነኝ ትያለሽ?» አሉ። እንደሌሎቹ አይደለሁም ለማለት ኮራ ብዬ «ሰማንያ ስድስት» አልኩ። እሺ ብለው እያየኋቸው ሰማንያ ስድስት ጻፉ። ቀሚሱን ተቀብዬ ቤት ስለካው ሰማንያ ዘጠኝ ነበር። ልክክ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ሄጄ ያቺን መስመር አጠፋኋት። ሐቀኝነት ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ንዴት ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ግን ከሰዓት በኋላ እንግዳ መጣ።

ሥራ አስኪያጃችን እንዲጎበኙን ለወራት ሲለምናቸው የነበሩ የመንግሥት ኃላፊ ናቸው፤ ድንገት ጊዜ አገኙና ከነተከታዮቻቸው፣ ከነቪዲዮ ቀራጫቸው ከተፍ አሉ። እሱ ንግግር አደረገ። ቴክኖሎጂ ሽግግር አለ፤ ልማታዊ ወጣት አለ፤ ምርጥ ተሞክሮ አለ። ኃላፊው ጥቁር የቆዳ ጃኬት ለብሰው ምልክቱ ላይ ወጡ። ስክሪኑ ላይ አንድ ጭንቅላትና ሁለት እጆች ታዩ። ሌላ ምንም የለም። ቆዳው ብርሃኑን ጥርግ አድርጎ ውጦታል። ተከታዮቻቸው ማሽኑ የሚሠራው እንዲህ ነው ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ አጨበጨቡ።

«ክቡርነትዎ፣ ጃኬትዎን ቢያወልቁልን» አለ ሥራ አስኪያጁ።

አወለቁ። ሸሚዛቸው ነጭ ነበር። ካሜራው እንደዚያ ቀን ጥርት አድርጎ አይቶ አያውቅም። ወገብ 121 አለ፤ በቀይ። ቪዲዮ ቀራጩ ቁጥሩን አስጠግቶ አነሳው። ሥራ አስኪያጁ ወደኔ ዞረ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ ኃላፊው።

«የስክሪኑ ሙቀት ነው ክቡርነትዎ» አለ እሱ። ከጎኑ ወገብ የሚል ባይጻፍበት ጥሩ መልስ ነበር።

ባለሱቋ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወደ መደርደሪያው ዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ከተከታዮቹ አንዱ «ካሜራው የውጭ ስለሆነ በነሱ አለካክ ይሆናል» አለ። ኃላፊው ይህን መልስ ወደዱት። ጃኬታቸውን መልሰው ለበሱና አስተያየት ሰጡ፤ «ጅምሩ መልካም ነው፤ ከሀገራችን ነባራዊ ሁኔታ ጋር ማጣጣም ይቀረዋል።» ሁሉም ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ወጡ፤ ተመልሰው አልመጡም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሼዳችን ከነባራዊው ሁኔታ ጋር ለሚስማሙ የፌስታል አምራቾች ተሰጠ።

እንግዶቹ እንደወጡ ሥራ አስኪያጁ ያዘኝ። «አራቷን የት አደረስሻት?»

«አጠፋኋት።»

«ለምን?»

«ቀሚሴ ተቀደደ።»

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም፤ እኔም አላብራራሁለትም። «ብትኖርስ መቶ አሥራ ሰባት ይላቸው ነበር እኮ፤ ምን ለውጥ አለው?» አልኩት።

«መቶ አሥራ ሰባት ሌላ ነው» አለኝ። ከልቡ አዝኖ ነበር። ሲያዝን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ባለሱቋ ስክሪኑን አስቀርተው ካሜራውን መለሱልን። «ፊልም ይታይበታል፣ ደንበኛ ይቀመጥልኛል» አሉ። እኔን ግን አልተቀየሙኝም፤ የኃላፊውን አቋቋም ጎረቤት በመጣ ቁጥር እየተነሱ ያሳዩ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ለወጣቶች ሥልጠና ይሰጣል። አንድ ጊዜ አዳራሽ ገብቼ ሰምቼዋለሁ። ከውድቀት ስለ መማር ነው የሚያወራው፤ ውድቀቱ እኔ ነኝ።

እኔ ወደ ቂሊንጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ጥራት ክፍል ገባሁ። ለውጭ ገበያ የሚላክ ሱሪ በሜትር እለካለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጥቅል ሱሪ ውድቅ አደረግኩ፤ ወገቡ ላይ ሠላሳ ስምንት ተብሎ ታትሞበታል፣ ስለካው አርባ ኢንች ተኩል ይሆናል። ከገዢው ድርጅት የተላከውን ተቆጣጣሪ ጠርቼ አሳየሁት። ስህተት አይደለም አለኝ፤ ሰንጠረዡን አውጥቶ መስመሩን በጣቱ አሳየኝ። እዚያም ሠላሳ ስምንት ለሚባለው ሱሪ የተጻፈው ልክ አርባ ተኩል ነው።

«ለምን?» አልኩት።

«ደንበኛው ደስ እንዲለው» አለ፤ ምን ያስጠይቃል በሚል ፊት።

የሺፍት አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ጡሩምባ ሲነፋ ስለሰማሁ ሱሪዎቹ እንዲያልፉ ፈርሜ ሮጥኩ።